ሞሶ ቀርከሃ ምንድን ነው?

ሞሶ የቻይና ግዙፍ ቀርከሃ ነው። ቁመቱ ከ20 ሜትር ያልፋል፣ የትልልቆቹ ግንድ ደግሞ የሰው ጭን ያህል ይወፍራል። ሲያዩት ዛፍ ይመስላል እንጂ ከሣር ወገን ነው፤ ከጤፍና ከስንዴ ጋር አንድ ቤተሰብ ውስጥ ይመደባል። ግንዱ ለቤት መሥሪያ፣ ለወለል፣ ለዕቃ ይውላል። ቡቃያው ደግሞ ይበላል። እኔን በጣም የሚገርመኝ ይሄ ቡቃያው ነው።

ከመሬት ብቅ የሚለው ውፍረቱን ጨርሶ ነው። ከዚያ በኋላ መርዘም እንጂ መወፈር የለም። አንዱን ከላይ እስከ ታች ሰንጥቃችሁ ብታዩት፣ ነጩ ሥጋ ውስጥ ስስ ስስ ክፍልፋዮች ተነባብረው ታገኛላችሁ። የወደፊቱ ግንድ አንጓዎች እነዚሁ ናቸው፤ ገና ከአሁኑ ተሠርተው አልቀዋል። የቀረው መዘርጋት ብቻ ነው። ምግቡንም መሬት ውስጥ በተዘረጋው ሥር መሰል ግንድ በኩል ከትልልቆቹ ቀርከሃዎች ያገኛል። ለዚህ ነው ሲመቸው በአንድ ቀን ወደ 1 ሜትር የሚጠጋ የሚመዘዘው። በሁለት ወር ገደማ ሙሉ ቁመቱን ይይዛል።

ለሚበላው ሰው ግን ይሄ ፍጥነት ጣጣ አለው። ቡቃያው ብርሃን ሲያገኝ ይመርራል፣ ሲረዝም ይጠነክራል። ስለዚህ የሚፈለገው ገና ብቅ ያላለው ነው። ጃፓን ውስጥ በጸደይ ማለዳ ይወጡና አፈሩ ትንሽ ስንጥቅ ያለበትን ቦታ በዓይንም በእግርም ይፈልጋሉ። ከዚያ ዙሪያውን ቆፍረው ከሥሩ ይቆርጡታል። ሁሉንም ግን አይቆርጡም፤ የተተወው አድጎ የሚቀጥሉትን ዓመታት ቡቃያ ይመግባል። ቻይናዎች በብርዱ ወራት ከአፈር ሥር የሚያወጡትም አላቸው፤ አነስ ይላል፣ ግን ተወዳጅ ነው።

ጥሬውን እንዳትበሉት! ሳያናይድ የሚባል መርዝ የሚያመነጭ ንጥረ ነገር አለው፤ በደንብ ሲቀቀል ይጠፋል። ጃፓኖች ከነልጣጩ በሩዝ ፉርሽካና በደረቅ በርበሬ ለአንድ ሰዓት ያህል ይቀቅሉትና እዚያው ውሃው ውስጥ እንዲቀዘቅዝ ይተዉታል። የታሸገውን ገዝታችሁ ውስጡ ነጭ ዱቄት መሳይ ነገር ካያችሁ አትደንግጡ። ሻጋታ ሳይሆን ታይሮሲን የሚባል አሚኖ አሲድ ነው፤ ለቅለቅ ማድረግ ይበቃል።

ሞሶ የእኛ አገር በቀል አይደለም። የእኛዎቹ የደጋው ቀርከሃና ውስጡ ድፍን የሆነው የቆላው ሽመል ናቸው። ቡቃያ መብላት ግን እኛም ጋ አለ፤ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ውስጥ በዝናብ ወራት የሽመል ቡቃያ ተቀቅሎ ይበላል።