ኢየሱስ ዳይፐር ነበረው?

የገና ዋዜማ ነው፤ ማታ። ቤታችን ሌባ ገብቶ የበረበረው ይመስላል። ሶፋው ላይ ያልታጠፈ ልብስ ተከምሯል። ወለሉ ላይ የተቦጫጨቀ የስጦታ ወረቀት አለ። በሩ ሥር አንድ እግር ጫማ ብቻ ተቀምጧል። ትልቁ ልጃችን ነገ ቤተ ክርስቲያን ሲዘምር የሚያደርገው ነው። ሌላኛው እግር የት እንደገባ ማንም አያውቅም።

እኔ ግን እቅድ ነበረኝ። ዘንድሮ እንደ አምናው አንሆንም፤ ልጆቹ ሳይተኙ ቁጭ ብለን፣ ሻማ አብርተን፣ ሉቃስ ምዕራፍ 2ን አንብበን እንጸልያለን ብዬ ነበር። ሻማውንም ቀደም ብዬ አዘጋጅቻለሁ።

ማንበብ ጀመርኩ። አውግስጦስ ቄሣር ላይ ስደርስ ትልቁ እግሩን እያወዛወዘ ወንበሩን ይመታ ጀመር። ቤተ ልሔም ስንገባ የአንድ ዓመቷ ሻማውን ልትይዝ ተንጠራራች፤ ባለቤቴ እፍ ብላ አጠፋችው። የሻማው ነገር በዚሁ አበቃ። «በመጠቅለያም ጠቀለለችው» የሚለው ላይ ደግሞ የአራት ዓመቱ አቋረጠኝ።

«አባዬ፣ ኢየሱስ ዳይፐር ነበረው?»

ትልቁ ከወንበሩ እስኪንሸራተት ሳቀ። ትንሿም ምኑም ሳይገባት አብራ ሳቀች። እኔ ጮህኩባቸው። «የእግዚአብሔር ቃል እየተነበበ ነው! ሥርዓት ያዙ!» ዝም አሉ። ቀሪውን አነበብኩ፣ ጸለይን። «አሜን» ሲሉ ድምፃቸው የተቆጡት ልጅ ድምፅ ነበር።

ከተኙ በኋላ ባለቤቴ ዕቃ እያጠበች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «መልሱ እኮ አዎ ነው» አለችኝ።

«የምኑ መልስ?»

«የዳይፐሩ።»

መጽሐፍ ቅዱሱን እንደገና ገለጥኩ። ስንት ዓመት ያነበብኩት ቁጥር 12 ላይ ቆምኩ። መልአኩ ለእረኞቹ እንዲህ ይላል፦ «ይህም ምልክት ይሆንላችኋል፤ ሕፃን ተጠቅልሎ በግርግምም ተኝቶ ታገኛላችሁ።»

ወገኖቼ፣ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ምልክት ሲባል ምን እንደሚመስል እናውቃለን። ለጌዴዎን ምድሩ ሁሉ ደረቅ ሆኖ የበግ ጠጉሩ ብቻ በጠል ራሰ። ለሕዝቅያስ የፀሐይ ጥላ 10 ደረጃ ወደ ኋላ ተመለሰ። ብዙ ጊዜ ምልክት የሚባለው ሰው ሊሠራው የማይችል ነገር ነው። በዚያች ሌሊትም እንዲህ ያለ ነገር አልጠፋም። የጌታ ክብር በእረኞቹ ዙሪያ አበራ፤ ብዙ የሰማይ ሠራዊት ታዩ። ምልክት የተባሉት ግን እነሱ አይደሉም። ምልክቱ የተጠቀለለ ሕፃን ነው።

የጠቀለለው ማን ነው? ቁጥር 7 ይነግረናል። እናቱ ናት። ማርያም ልጇን ስትጠቅልል ምልክት እያዘጋጀች እንደሆነ የነገራት አናይም። ከወሊድ ገና መነሣቷ ነው፤ ማደሪያም አላገኙም። ማንኛዋም እናት የምታደርገውን አደረገች። እዚያ ሜዳ ላይ ደግሞ መልአክ የእጇን ሥራ እየጠቀሰ ይሰብክ ነበር።

ትንቢተ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 16 ላይ ጌታ ኢየሩሳሌምን እንደ ተጣለች አራስ ልጅ ይስላታል። በተወለደችበት ቀን እትብቷ አልተቆረጠም፣ በውኃ አልታጠበችም፣ በጨው አልተቀባችም፣ በጨርቅም አልተጠቀለለችም። ዓይኑን ጥሎ የራራላት አልነበረም። ጨርቁ እንግዲህ ከብርድ ማዳኛ ብቻ አይደለም። ያልተጠቀለለ ልጅ ማንም ያልፈለገው ልጅ ነው። የኛ ጌታ በከብቶች መመገቢያ ውስጥ ተኝቶም ቢሆን ተጠቅልሏል። ስፍራ ያላገኘ ሕፃን ነው፤ ግን የሚወድ እጅ አግኝቷል።

ልጄ የጠየቀኝ ይህን ነበር። እኔ ደግሞ ሥርዓት ያዝ አልኩት።

አንድ ነገር ላስተካክል። «እናቶች ሆይ፣ ዳይፐር መቀየራችሁ ራሱ ጸሎት ነው» ልል አይደለም። ዳይፐር ዳይፐር ነው። በሌሊት ለሦስተኛ ጊዜ ለተነሣች ሴት እንዲህ ያለ ቆንጆ ንግግር የሚያሳርፋት አይመስለኝም። እግረ መንገዴን፣ ማርታ በሥራ ስትባክን እህቷ ማርያም ጌታ እግር ሥር የተቀመጠችበትን ታሪክ በየበዓሉ ለደከሙ እናቶች መስበካችንንም ብንቀንስ ደስ ይለኛል። እሺ ብላ ጌታ እግር ሥር ትቀመጥ። ትንሿን ማን ይያዝላት?

ወደ እኛ ወደ አባቶች እንምጣ። ዮሴፍ በአራቱም ወንጌላት ውስጥ የተናገረው አንድም ቃል አልተመዘገበም። የተመዘገበው መነሣቱ ነው። በማቴዎስ 1፥24 ከእንቅልፉ ነቅቶ የታዘዘውን ያደርጋል። በ2፥14 በሌሊት ተነሥቶ ሕፃኑንና እናቱን ይዞ ወደ ግብፅ ይሄዳል። በ2፥21 ደግሞ ተነሥቶ ይዟቸው ይመለሳል። እኔ በዚያ ማታ ሰባኪ ነበርኩ፤ ባለቤቴ ሻማ ታጠፋለች፣ ልጅ ትይዛለች፣ ዕቃ ታጥባለች። በቤቱ ውስጥ ዮሴፍን የሚመስል ሰው ቢፈለግ ያን ማታ እኔን አያገኙኝም ነበር።

ስለ ስጦታ ብዙ አልልም። ሉቃስ 2፥24ን ብቻ እዩት። የመንጻታቸው ወራት ሲፈጸም፣ በሙሴ ሕግ 7 ቀንና 33 ቀን ማለት ነው፣ ሕፃኑን ይዘው ወደ ኢየሩሳሌም ወጡ። ያቀረቡት ጠቦት አልነበረም። ዘሌዋውያን 12 ጠቦት መግዛት ላልቻለች እናት የፈቀደውን ነው፤ ሁለት ወፎች። በመቅደስ ያገኛቸው ስምዖን ግን ምን ይዘው መጡ ብሎ አላየም። ሕፃኑን ታቀፈ። ለልጆቻችን የምንፈልገውን ሁሉ መግዛት ላልቻልንበት ዓመት ይህ ቁጥር አለ።

የሚያደክመን ግን ገንዘቡ ብቻ አይደለም። ፕሮግራሙ ነው። ልምምድ አለ፣ ግብዣ አለ፣ ዘመድ ጥየቃ አለ፣ ሌላ ልምምድ አለ። ልጆች ማታ በሦስት ሰዓት መተኛት ሲገባቸው መድረክ ላይ ቆመው ያዛጋሉ፤ እኛ ደግሞ ስልክ አውጥተን እንቀርጻለን። ከእነዚህ አንዱን ወይም ሁለቱን «ዘንድሮ አንችልም» ማለት መንፈሳዊነት ማጣት አይደለም። እኛ ዘንድሮ አንዱን ቀረን። አንድ ሰው ተቀይሞናል። ሲቆይ ይረሳዋል።

ታዲያ ቃሉን መቼ እናስተምራቸው? ዘዳግም 6፥7 እንዲህ ይላል፦ «ለልጆችህም አስተምረው፥ በቤትህም ስትቀመጥ፥ በመንገድም ስትሄድ፥ ስትተኛም፥ ስትነሣም ተጫወተው።» እዚህ ላይ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱሳችን የመረጠውን ቃል ልብ በሉልኝ። ተጫወተው! ጨዋታ ማለት በኛ ቋንቋ ወግ ነው፤ የልጅ ጨዋታም ነው። የእግዚአብሔር ቃል ከልጅ ጋር የሚጨዋወቱት ነገር ነው ማለት ነው። ሙሴ የጠራቸው ጊዜያት ደግሞ ምንም ያህል ሥራ ቢበዛብን ከቤታችን የማይጠፉ ናቸው። መቀመጥ፣ መሄድ፣ መተኛት፣ መነሣት። ጫማ ፍለጋም ከመሄድ ይቆጠራል ባይ ነኝ።

የቤተሰብ ጸሎት ይቅር እያልኩ አይደለም። ይጠር ነው የምለው። ለአራት ዓመት ልጅ አምስት ደቂቃ ብዙ ነው። ምዕራፉን በሙሉ ከማንበብ አንድ ቁጥር ይዞ ሳምንቱን ሙሉ እሱኑ ማውራት ይሻላል። ገላቸውን ስናጥባቸው፣ ፎጣ ስናለብሳቸው፣ መኪና ውስጥ ሲነታረኩ። ጥያቄ ሲመጣ ደግሞ አለመቆጣት። ይህ የመጨረሻው ለእኔ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ልጄን ይቅርታ ጠየቅሁት። «የቱን?» አለኝ። ረስቶታል። ጫማው በአሻንጉሊት መያዣው ሣጥን ውስጥ ተገኘ፤ ትንሿ ናት የከተተችው።

ማታ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አሻንጉሊትና ፎጣ ሰጠሁትና «ማርያም እንዴት እንደጠቀለለችው አሳየኝ» አልኩት። መሬት ላይ ተንበረከከ። ፎጣውን ዘረጋ፣ አሻንጉሊቱን መሐል ላይ አስተኛ፣ በአንድ በኩል አጠፈ። ወዲያው የአሻንጉሊቱ ግራ እጅ ብቅ አለ። መልሶ ከተተው። እንደገና ወጣ። ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ፣ ላብ እስኪያልበው ታገለ።

«አስቸገረኝ» አለ።

«ማርያምንም አስቸግሯት ይሆናል።»

ትንሽ አሰበ። «ኢየሱስ ሁሉን ይችላል አይደል? ለምን ራሱን አይጠቀልልም?»

ፊልጵስዩስ 2፥7 ትዝ አለኝ። በሰውም ምሳሌ ሆኖ ራሱን ባዶ አደረገ። ይህን እንዴት ላስረዳው? «ያን ጊዜ እንደ አንተ፣ እንደ እህትህ ሕፃን መሆን ፈልጎ ነው» አልኩት። «ሕፃን ደግሞ ራሱን መጠቅለል አይችልም። ሰው ነው የሚጠቀልለው።»

«እሺ» አለ፤ ወደ ፎጣው ተመለሰ። «በል አንተ እጁን ያዝልኝ።»

ያዝኩለት።