ግቢ ውስጥ የታዘዘ ውሻ፦ ስለ ሥራ ውሾች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ግቢ ውስጥ ከታዘዘ የትም ይታዘዛል።» ብዙ ባለ ውሻ የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። ቤት ውስጥ «ተቀመጥ» ሲሉት ቁጭ የሚለው ውሻ ገበያ መሃል ስሙን እንኳ የረሳ ይመስላል። ንቀት አይደለም። ለእርሱ ትእዛዙ ቃሉ ብቻ አልነበረም፤ የግቢው ሽታ፣ ከእግሩ ሥር ያለው ሣር፣ የጌታው አቋቋም ሁሉ አብሮ ነበር። ስለዚህ ያው «ተቀመጥ» አስፋልት ላይ፣ ደረጃ ላይ፣ አውቶቡስ ፌርማታ አጠገብ እንደ አዲስ ይማራል።

በውሾች ላይ ባደረገው ሙከራ የታወቀው ሩሲያዊ ሳይንቲስት ኢቫን ፓቭሎቭም ይህ ገጥሞታል። ረዳቶቹ ያሠለጠኑትን ውሻ ሊያሳዩት ሲጠሩት ውሻው የተማረውን ይተዋል፤ ረባሹ ለካ ፓቭሎቭ ራሱ ነው! ውሻው አዲስ ነገር ሲያይ ወደዚያ መዞሩን ፓቭሎቭ የ«ምንድን ነው?» ደመነፍስ ብሎ ጠራው። እርሱስ ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ ድምፅ የማያስገባ ቤተ ሙከራ አሠራ፤ የአነፍናፊ ውሻ አሠልጣኝ ግን ይህን ቅንጦት ከየት ያመጣል?

«እንግዲያው ግርግር ውስጥ ከትቶ ማላመድ ነው።» ይህ የችኩል ነው። ውሻው ከጌታው የሚርቅበት ርቀት፣ ታዝዞ የሚቆይበት ጊዜና ረብሻው በአንድ ጊዜ አይጨመሩም። በግ ሲያይ ጆሮው የሚቆም ውሻ ከበጉ ርቆ ይጀምራል። የሚወደውን ቁራጭ ሥጋ ከእጅዎ አልቀበልም ካለ በጣም ቀርበዋል፤ ሳይቆጡ ወደ ኋላ ይመለሱ።

«በምግብ የሠለጠነ ምግብ ሲያይ ይከዳል።» ሽልማቱ ቀስ በቀስ እየሳሳ ከሄደ አይከዳም። ደግሞም ብዙ አነፍናፊ ውሾች የሚሠሩት ለኳስ ነው።

«አነፍናፊ ውሻን የሚያሳስተው ጫጫታ ነው።» ዋናው አሳሳች አንዳንዴ ገመዱን የያዘው ሰው ነው። በ2011 የወጣ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ጥናት 18 ውሾችን ከነያዦቻቸው ፈተነ። በቦታው አደንዛዥ ዕፅም ፈንጂም አልነበረም፤ ለያዦቹ ግን ቀይ ወረቀት ያለበት ቦታ ሽታ አለ ተብሏል። «ውሻዬ ጠቆመ» ያሉት በብዛት ወረቀቱ ጋ ነበር። ስለዚህ በልምምድ ጊዜ ዕቃውን የሚደብቀው ሌላ ሰው ይሁን፤ ያዡም ቦታውን አይወቅ።

«ዓይነ ስውርን የሚመራ ውሻ የትራፊክ መብራት ያነባል።» አያነብም። መኪናውን በጆሮው አዳምጦ «ወደ ፊት» የሚለው ሰውየው ነው፤ አደጋ ካለ ግን ውሻው እምቢ እንዲል ሠልጥኗል። በ1928 ዓይነ ስውሩ አሜሪካዊ ሞሪስ ፍራንክ «ባዲ» ከተባለች መሪ ውሻው ጋር የኒው ዮርክን አስፈሪ ጎዳና የተሻገረው ጋዜጠኞች እያዩ ነበር። እንዲህ ያለ ውሻ መታጠቂያውን አድርጎ ሲያገኙ «እንዴት ያምራል!» ብለው አይዳስሱት። ያን ጊዜ ረብሻው እርስዎ ነዎት።