«ፍጥረታችንን እርሱ ያውቃልና»

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እንኳን ለጽዮን ማርያም ዓመታዊ በዓል በሰላም አደረሳችሁ። በዓሉ ካለፈ ጥቂት ቀናት ሆኖታል። ልቤ ግን ገና ዋዜማው ላይ ነው።

ባለቤቴ ለጻድቃኔ ማርያም ገዳም ስለት ነበረባት። እናቷ በታመሙ ጊዜ የተሳለችው ነው። ኅዳር 20 ጠዋት ከሰፈር እናቶች ጋር ከደብረ ብርሃን ወደ ሰላ ድንጋይ የሚሄድ መኪና ተሳፈረች፤ በዓሉን እዚያው አክብራ በማግሥቱ ልትመለስ። ትንሹን ይዛው እንዳትሄድ ጉንፋን ይዞታል። «ልጆቹስ?» ስትለኝ «እኔ አለሁ አይደል እንዴ፣ ሂጂ» አልኳት።

ትልቋ አራት ዓመቷ ነው። ትንሹ ዓመት ከስምንት ወሩ። ቀን ቀን ጎረቤታችን እማማ ያዙልኝ፣ ከሥራ ስመለስ ተረከብኳቸው። ልጆች ከወለድኩ ጀምሮ አንድ ምሽት እንኳ ብቻዬን አብሬያቸው ቆይቼ አላውቅም ነበር። ይህን ስጽፍ እያፈርኩ ነው።

ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሳይሞላ መብራት ሄደ። ምድጃችን የኤሌክትሪክ ነው፤ ከሰል ማያያዝ ግድ ሆነ። የደብረ ብርሃንን የኅዳር ብርድ የምታውቁት ነው። ከሰሉ ይጨሳል እንጂ አይያያዝም። ትንሹ ያለቅሳል። ትልቋ «እማዬ መቼ ትመጣለች?» ትላለች። «ነገ ወዲያ» አልኳት። ጓዳ ስገባ ተከትላኝ ገባች፣ «እማዬ መቼ ትመጣለች?» ስወጣ ተከትላኝ ወጣች። እንደምንም አጥሚቱን ጥጄ ጧፍ ስፈልግ አጥሚቱ ገንፍሎ ፍሙን አጠፋው። ዞር ስል ትንሹ የዱቄቱን ባልዲ ገልብጦ መሀሉ ተቀምጧል። ፀጉሩ፣ ቅንድቡ፣ አፍንጫው ዱቄት።

ያኔ ጮኽኩ። እሱ ላይ እንኳ አይደለም፣ እሷ ላይ። «አንቺ ትልቅ አይደለሽም? አታይውም ነበር?»

ልጄ አላለቀሰችም። ሄዳ በሩ ጀርባ ቆመች። ቀሚሷን በሁለት እጇ ጨብጣ ወደ እግሯ ታያለች። ጧፉን ጠጋ ሳደርገው ከእግሯ ሥር ወለሉ ርሷል።

ከዚያ በፊት በነበረው እሑድ ሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ ምን እንዳስተማርኩ ልንገራችሁ። መዝሙረ ዳዊት 102ን ነው። «አባት ለልጆቹ እንደሚራራ እንዲሁ እግዚአብሔር ለሚፈሩት ይራራል።» ስለ አባት ርኅራኄ አንድ ሰዓት ሙሉ ተናገርኩ። ወጣቶቹ አሜን አሉ።

ይህን መዝሙር እወደዋለሁ። ዳዊት ኃጢአታችን ምሥራቅ ከምዕራብ የሚርቀውን ያህል ከእኛ እንደራቀ ተናግሮ እዚያው ማቆም ይችል ነበር። ከዚያ የሚበልጥ ምሳሌ ከወዴት ይመጣል? እሱ ግን ከምሥራቅና ከምዕራብ ወርዶ ቤት ውስጥ ገባ። አንድ አባትና ልጆቹን አሳየን። ቀጥሎም ምክንያቱን ነገረን፤ «ፍጥረታችንን እርሱ ያውቃልና፤ አቤቱ፥ እኛ አፈር እንደ ሆንን አስብ።» ያቺን «ያውቃልና» መጨረሻ ላይ ያለችውን «ና» እዩልኝ። ስንት ጊዜ አንብቤአታለሁ፣ አላየኋትም ነበር። እግዚአብሔር ለምን ይራራል? ስለሚያውቅ። ከምን እንደተሠራን ያውቃል። ምን ያህል እንደምንችል፣ የቱ ጋ እንደምንሰበር ያውቃል። ርኅራኄው ከማወቅ የመጣ ነው።

እኔስ? ልጄ ስትፈራ ምን እንደምትሆን አላውቅም ነበር። ጨለማ እንደምትፈራ አላውቅም ነበር። ልጁ በየትኛው ኩባያ እንደሚጠጣ፣ እንዴት እንደሚተኛ አላውቅም። የማላውቀውን ልጅ ልራራለት ከየት ይመጣል? ስለዚህ ጮኽኩ። ሐዋርያው ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ «አባቶች ሆይ፥ ልጆቻችሁን አታስቁጡአቸው» ያለው እናቶችን ረስቶ አይመስለኝም። አባቶችን ለይቶ የጠራው የሚያውቀው ነገር ቢኖር ነው።

ልብሷን ቀየርኩላት። ውኃው ቀዝቃዛ ነበርና በባናው ጠቅልዬ አቀፍኳት። «ይቅር በይኝ» አልኳት። ትንሹ ግን አሁንም ያለቅሳል። ባቅፈው፣ ባወዛውዘው፣ ብዘምርለት አልሆነም። ከባናው ውስጥ ሆና ቀስ ብላ «እማዬ ታዝለዋለች» አለችኝ።

ለቅዳሴ ያዘጋጀሁት ነጭ ነጠላ ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል። ሌላ የሚሆን ነገር በጨለማ አላገኘሁም። አወረድኩት። ልጄ «ከታች ነው የምታስረው፣ ወደ ላይ» እያለች አሳየችኝ። ከነዱቄቱ አዘልኩት። እማማ በር ላይ ቢያገኙኝ ምን ይሉ ይሆን ብዬ ነበር፤ ሰው ያየኝ እንደሆነ ማለት ነው። ሦስቴ ከጓዳ ሳሎን እንደተመላለስኩ ጭንቅላቱ ጀርባዬ ላይ ዘፍ አለ። ትንፋሹ በሸሚዜ አልፎ ሞቀኝ። ያ ሌሊት የጽዮን ማኅሌት ነው፤ ቀርቼ አላውቅም። ያን ጊዜ ግን ቆሜ፣ ልጅ ጀርባዬ ላይ ተኝቶ፣ ያንኑ መዝሙር ከመጀመሪያው አልኩት። «ነፍሴ ሆይ፥ እግዚአብሔርን ባርኪ።»

ወንድሞቼ፣ አሁን ለእናንተ ልናገር፤ ከራሴ ጀምሬ ስለሆነ ቅር አይበላችሁ። ማኅሌት ማደር እናውቃለን። መቋሚያና ጸናጽል አያያዝ እናውቃለን። ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ላይ ተቀምጠን፣ ጽዋ ጠጥተን፣ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ቤታችን እንገባለን። ሚስቶቻችንስ? የእናቶችን ቦታ በቅዳሴ ሰዓት ልብ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከኋላ፣ ከደጁ አጠገብ፣ አንዱን አዝላ አንዱን በእጇ ይዛ። ወንጌል ሲነበብ ልጁ ካለቀሰ ይዛው ትወጣለች። ስብከቱን ሳትሰማው ያልፋል። የልጁ አባት የት ነው? ፊት ነው። አንዳንዱ ወንድማችንማ ዞር ብሎ «ልጅሽን አስወጪው እንጂ» ይላል። ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ያለው ሰው የልጁ አባት የሆነበትም ቀን ነበር። ደቀ መዛሙርቱ ሕፃናቱን ያመጡትን በገሠጹ ጊዜ ጌታ ተቆጣ ይላል ማርቆስ። ተቆጥቶም አላበቃም፣ አቀፋቸው። ጌታችን ያቀፈውን ማቀፍ ለወንድ ነውር ነው ያለን ማነው?

«ልጅ የሴት ነው» የሚለው ንግግር እኛ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ገና አልሞተም። ግን የቡልጋውን ጻድቅ የምንወድ ሰዎች አይደለንም? ታኅሣሥ 24 ልደታቸውን ልናከብር ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ሕፃን ሳሉ ስማቸው ፍሥሐ ጽዮን ነበር። ገድላቸው የሚጀምረው በካህኑ ጸጋ ዘአብና በእግዚእ ኀረያ ቤት ነው። በተወለዱ በሦስተኛው ቀን ሥላሴን ያመሰገኑት እዚያ ቤት ነው። በረኃብ ዘመን ለቅዱስ ሚካኤል ዝክር የሚሆነው ዱቄት ባነሰ ጊዜም ሕፃኑ ባርኮት በረከተ። እኔ ያን ምሽት ዱቄት የነካ ሕፃን አይቼ የታየኝ ብክነት ብቻ ነበር። ከጮኽኩ በኋላ ነው ጻድቁ ትዝ ያሉኝ።

ይህን አንብባችሁ ልባችሁ የቆሰለ አባቶች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ልጆቻችሁ ያደጉባችሁ፣ የራቁባችሁ። የዚያ መዝሙር ቃል ለእናንተም ነው። ተዘከር እግዚኦ ከመ መሬት ንሕነ። እርሱ ልጅን ብቻ አይደለም የሚያውቀው፣ የአባትንም አፈርነት ያውቃል። ዛሬ ማታ ስልክ አንሱና ደውሉላቸው። የምትሉት ቢጠፋችሁ «ምን በላህ?» በሉት። «በረደሽ ወይ?» በሏት።

ባለቤቴ ኅዳር 22 ከቀትር በኋላ ገባች፣ ጸበሉን በጀሪካን፣ እምነቱን በወረቀት ጠቅልላ። «እንዴት ሆናችሁ?» አለች። እኔ አፌን ሳልከፍት ትልቋ ቀደመችኝ፤ «አባዬ አዝሎት አደረ!»

ባለቤቴ ሚስማሩ ላይ የተሰቀለውን ነጠላ አየች። ጥለቱ ላይ ዱቄቱ አሁንም ነበረ። አውርዳ ልታራግፈው ያዘችና፣ ተወችው።