«ካርቡሬተር ብቻ ነው» እየተባለ ስለሚሸጥ የቆመ ሞተር

የማይነሳ ሞተር ሳይክል የሚሸጥ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይላል። «ምንም አልሆነም፤ ካርቡሬተር ብቻ ነው፣ ቢጸዳ ይነሳል።» ሐዋሳ ላይ ጋራዥ አለኝ፤ ይህን የማልሰማበት ሳምንት የለም። የሚነግረኝ ደግሞ ገዢው ነው። ሞተሩን ገዝቶ፣ በመኪና ጭኖ፣ በሬ ላይ አውርዶታል። ብሩ ከእጁ ወጥቷል። አሁን የሚጠብቀው «አዎ፣ ካርቡሬተር ነው» እንድለው ነው። ብዙ ጊዜ እንደዚያ ማለት አልችልም፤ ያኔ ፊቱ ላይ የማየው ነገር ሰልችቶኛል።

የቆመ ሞተር አትግዙ እያልኩ አይደለም። ገዝተው፣ ሠርተው፣ ዛሬ በደንብ የሚነዱ ደንበኞች አሉኝ። የሚለያቸው ከመክፈላቸው በፊት ማየታቸው ነው።

«ካርቡሬተር ብቻ ነው»

እስቲ አስቡት። ካርቡሬተር ማጽዳት ቢበዛ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ካቻቢቴ፣ ትንሽ ቤንዚንና የአየር ግፊት ይበቃዋል። የሚነሳ ሞተርና የማይነሳ ሞተር ግን በዋጋ በጣም ይራራቃሉ። ያን ሁሉ ብር በግማሽ ቀን ሥራ ማግኘት የሚችል ሻጭ ለምን ሳያጸዳው ቀረ? አብዛኛውን ጊዜ አጽድቶታል። አልተነሳለትም እንጂ።

አባባሉ እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ቤንዚን ለወራት ሲቀመጥ ይበላሻል፤ ሙጫ መሳይ ነገር ይተውና የካርቡሬተሩን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይደፍናል። ግን ኢንጅን እንዲነሳ ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ በልኩ የተቀላቀለ ነዳጅና አየር፣ በሰዓቱ የሚመጣ እሳት፣ በቂ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ ቅልቅሉ የሚታመቅበት ግፊት)። ካርቡሬተር የመጀመሪያውን ብቻ ነው የሚነካው። ከሦስቱ በጣም የሚያስወጣው ኮምፕሬሽን ነው። ሻጭ ስለ እሱ ሲያወራ ሰምቼ አላውቅም።

አንድ የግብርና ባለሙያ ከጨረታ ያማሃ ዲቲ 125 ገዝቶ መጣ። ፕሮጀክት ያልቅና ሞተሮቹ «ባሉበት ሁኔታ» ይሸጣሉ፤ ይህኛውም እንደዚያ ነበር። ካርቡሬተር ነው ተብሏል። የእግር ማስነሻውን በእጄ ስጫነው ምንም ሳይታገለኝ ወረደ። ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) ስፈታው ሲሊንደሩ ከላይ እስከ ታች ተቧጥጧል፣ ፒስተኑም ተልጧል። ዲቲ 125 ሁለት ምት ነው። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ይቃጠላል፤ ለብቻው ዕቃ ይሞላና በፓምፕ ይደርሳል። ያ ዘይት ካለቀ ወይም ፓምፑ ካቆመ ፒስተኑ ሲሊንደሩ ላይ ይጣበቃል። አንድ ሰው ያለ ዘይት ነድቶት ነበር። ሲሊንደሩ ቶርኖ ቤት ገብቶ ሰፋ፣ በመጠኑ ከፍ ያለ ፒስተን ከነፋሻው (ዙሪያውን ከሚታጠቁት ቀለበቶች ጋር) ተፈለገ። ወጪው የጨረታውን ዋጋ አለፈ። ካርቡሬተሩ ንጹሕ ነበር።

ስለዚህ ሻጩ ፊት ይህን አድርጉ፤ ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

መጀመሪያ የእግር ማስነሻውን ቀስ ብላችሁ በእጅ ተጫኑት። እየጠነከረ መጥቶ ሊታገላችሁ ይገባል። ዝም ብሎ ከወረደ ኮምፕሬሽን የለም፣ ወይም ራሱ ማስነሻው ተበልቷል። ጭራሽ ካልተነቃነቀ ውስጡ ተጣብቋል።

ቀጥሎ ካንዴላውን (እሳቱን የሚሰጠውን ዕቃ) ፍቱ። ገመዱ ላይ መልሳችሁ ሰክታችሁ የካንዴላውን ብረት ከኢንጅኑ ብረት ጋር አስነኩት። ከተፈታበት ቀዳዳ ግን አርቁት፤ የቤንዚን ትነት እሳት ይይዛል። ሌላ ሰው ይምታላችሁ። ሰማያዊና ጠንካራ ብልጭታ ከታየ ጥሩ ነው። ቢጫና ደካማ ከሆነ፣ ወይም ጭራሽ ከሌለ፣ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ካንዴላው፣ ገመዱ፣ ኮይሉ ወይም ሲዲአዩ (እሳቱን በሰዓቱ የሚያዘው የኤሌክትሪክ ሣጥን) ላይ ነው።

ከዚያ ኮምፕሬሽን መለኪያ ተዋሱና ለኩ። ጋዙን እስከ መጨረሻ ከፍታችሁ ምቱ። ትንንሽ ባለ አራት ምት ኢንጅኖች ደህና ሲሆኑ ብዙውን ጊዜ 10 ባር አካባቢና ከዚያ በላይ ያሳያሉ። ከ7 በታች ካሳየ ኢንጅኑ ይፈታል ብላችሁ ዋጋ ተነጋገሩ። ባለ አራት ምት ከሆነ ደግሞ አንድ የሻይ ማንኪያ የኢንጅን ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ጨምራችሁ እንደገና ለኩ። ቁጥሩ በደንብ ከወጣ ያለቀው ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ ነው። ካልወጣ ቫልቮቹን ወይም የቴስታታውን ጓርኒሲዮን (በክዳኑና በሲሊንደሩ መካከል ያለውን ማሸጊያ) ጠርጥሩ።

በመጨረሻ የኢንጅን ዘይቱን እዩት። ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ ካለው ውስጡ እየተበላ ነው።

ሻጩ «ካንዴላ አትነካም» ካለ ተነሱና ሂዱ። የሚደብቀው ነገር የሌለው ሰው ካንዴላ ሲፈታ አይቆጣም።

«ሊብሬው በኋላ ይመጣል»

አይመጣም። በእኔ በር ካለፉት ሞተሮች ውስጥ ተሠርተው፣ ተቀብተው፣ በሊብሬ ምክንያት ግቢ ውስጥ የቀሩ አሉ። ከሁሉም የሚያናድደኝ ይህ ነው፤ ብረት ሲበላሽ እጠግነዋለሁ፣ ወረቀት ግን መጠገን አልችልም።

ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር መሪው ሥር ካለው አንገት ላይ ከተመታው ጋር በዓይናችሁ አስተያዩ። የሞተር ቁጥሩንም ኢንጅኑ ላይ ከተመታው ጋር እንዲሁ። የቆሙ ሞተሮች ላይ ኢንጅን መቀያየር የተለመደ ነው፤ ቁጥሩ ካልገጠመ ስም ማዛወር ላይ ትቆማላችሁ። ቁጥሩ የተፋቀ ወይም እንደገና የተመታ ከመሰለ የተሰረቀ ሊሆን ይችላል፤ በነፃ ቢሰጧችሁም አትውሰዱት። ፋይሉ ያለበት ትራንስፖርት ቢሮ ሄዳችሁ ዕዳና ዕገዳ አጣሩ፤ ቦሎ ያልታደሰባቸው ዓመታት ካሉም ስንት እንደሚያስከፍል ጠይቁ።

የድርጅት ሞተር ከሆነ አንድ ጥያቄ ይጨመራል፦ ቀረጡ ተከፍሏል? ከቀረጥ ነፃ የገባ ሞተር ወደ ግለሰብ ሲዞር ቀረጥ ይመጣል። የጨረታ ሰነዱ ከፋዩ ማን እንደሆነ ይናገራል። ሳታነቡት ሲፒኦ አታሠሩ።

ሌላም ችግር አለ። ቦሎ ለማደስ ምርመራ ማለፍ ያስፈልጋል፤ ምርመራ ደግሞ የሚነሳ፣ ፍሬኑ የሚይዝ፣ መብራቱ የሚበራ ሞተር ይፈልጋል። ስለዚህ ሞተሩ ተሠርቶ ወረቀቱ እስኪያልቅ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። እስከዚያ ሻጩ ስልክ ቀይሮ ይጠፋል። ውሉን በጽሑፍ፣ በምስክር ፊት አድርጉ። ለስም ዝውውሩ እንደሚቀርብ ይጻፍበት፤ ከዋጋውም የተወሰነውን እስከዚያ ያዙ።

አዲስ አበባ የምትኖሩ ደግሞ ከ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ከተማው ውስጥ ሞተር ማንቀሳቀስ ላይ ገደብ መጣሉን ታውቃላችሁ። ሠርታችሁት የት እንደምትነዱት ሳትጠይቁ አትግዙ።

«ቆሞ ስለከረመ አላረጀም»

መቆም ራሱ ያበላሻል። ታንከሩ ከውስጥ ይዝጋል፣ ባትሪው ይሞታል፣ የፍሬን ጎሚኒዎች ይደርቃሉ፣ ፋሻው ሲሊንደሩ ላይ ይይዛል። ሁለት ክረምት ሸራ ሳይለብስ ደጅ የከረመ ሞተር በየቀኑ ሲሠራ ከነበረው ይብሳል።

«የጃፓን ኢንጅን አይሞትም»

ዘይት ከሌለው ይሞታል።

«መለዋወጫ ሞልቷል»

ለባጃጅ ቦክሰርና ለቲቪኤስ እውነት ነው፤ ትንሽ ከተማ ሳይቀር ይገኛል። ለአሮጌ ያማሃና ሆንዳ ግን መርካቶ ወርዳችሁም ባዶ እጃችሁን ልትመለሱ ትችላላችሁ፤ የተገኘውም ኦሪጅናል ላይሆን ይችላል። ሞተሩን ከመግዛታችሁ በፊት የፒስተን ከነፋሻው፣ የጓርኒሲዮን፣ የፍሪሲዮንና የሲዲአይ ዋጋ ጠይቁ። አንዱ እንኳ ካልተገኘ ያ ሞተር ለናንተ አይሆንም።

«ኢንጅኑ ከተነሳ ሌላው ቀላል ነው»

ብዙ ሰው ብሩ የሚያልቅበት እዚህ ነው። ሁለት ጎማ፣ ካለማዳሪ፣ ካቴና ከነጥርሱ፣ የፍሬን ሸራ፣ የቸርኬ ኩሽኔታ፣ ባትሪ፣ አይጥ የበላው የመብራት ገመድ። አንድ በአንድ ሲታዩ ትንሽ ናቸው፤ ሲደመሩ ግን ያስደነግጣሉ። ጎማው «አዲስ ነው» ካሏችሁ ጎኑ ላይ ያለውን ባለ አራት አኃዝ ቁጥር ፈልጉ። 2315 ካለ በፈረንጆቹ 2015 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ቢያምርም ጎማው ደርቋል።

ለደንበኞቼ ሁልጊዜ የምለው ይህን ነው። የሚያስፈልገውን ሁሉ ጻፉ፣ በወቅቱ ዋጋ ደምሩ፣ ላልታየው ጥፋት ሲሶ ጨምሩበት። የመግዣውን ዋጋ ስትደምሩበት ከሚነሳው ተመሳሳይ ሞተር ዋጋ ጋር ከተቀራረበ የሚነሳውን ግዙ። አንዲት እናት ለልጃቸው «ሥራ ይሁነው» ብለው የቆመ ሞተር ሊገዙ ሲሉ ቁጭ ብለን ደመርን። «እንግዲህ ልጄ፣ ይሄማ ደህናውን ይገዛል» አሉኝ። ደህናውን ገዙ። ልጁ ዛሬ ዕቃ ያደርሳል።

ሙያውን ለመማር የምትገዙ ከሆነ ሒሳቡ ይለያል፤ ትምህርቱም ዋጋ አለው። ያኔም ቢሆን ወረቀቱ የተሟላና ዕቃው የሚገኝ ይሁን። ጀማሪ በቦክሰር ይጀምር።

«ገፍተን እናስነሳው»

ለወራት የቆመ ኢንጅን ማርሽ ውስጥ አስገብቶ መግፋት የዳነውን ሲሊንደር መግደል ነው። የያዘ ፋሻና የዛገ ግድግዳ በጉልበት ሲፋተጉ ይቧጠጣሉ። መጀመሪያ ካንዴላውን ፍታችሁ ትንሽ ዘይት ጨምሩና አሳድሩት። በነጋታው ካንዴላው እንደተፈታ በእግር ማስነሻው ቀስ እያላችሁ አዙሩት። በነፃ ሲዞር አሮጌውን ቤንዚን ድፉ፣ ታንከሩን እጠቡ፣ የኢንጅን ዘይቱን ቀይሩ። ካርቡሬተሩን የምታጸዱት ያኔ ነው። ሁለት ምት ከሆነ የዘይት ፓምፑ መሥራቱ እስኪረጋገጥ ድረስ ቤንዚኑን ከሁለት ምት ዘይት ጋር ቀላቅላችሁ አስነሱት።