ሄርዝ ወይስ ኖታ? ስለ ሲንተሳይዘር ድምፅ አወጣጥ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ ለሠርግ ባንዶች ኪቦርድና ሲንተሳይዘር ስጠግን በቆየሁባቸው ዓመታት፣ ከተቃጠለ አዳፕተርና ከተሰበረ ቁልፍ ይልቅ ያሰለቸኝ አንድ አባባል ነው፤ እርሱም «ኖታ ለጀማሪ ነው፣ ባለሙያ ድምፁን የሚያስተካክለው በሄርዝ ነው» የሚለው ነው።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ድምፅን በሄርዝ ማስተካከል በኖታ ከማስተካከል ይበልጥ ትክክለኛ ነው።

እውነታው፦ ሄርዝ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ያለውን የንዝረት ብዛት ይገልጻል፤ ከዚህ ያለፈ ምሥጢር የለውም። ጆሮ ግን በሁለት ድምፆች መካከል ያለውን ርቀት የሚለካው በመደመር ሳይሆን በማባዛት ነው። 220 ሄርዝ ወደ 440 ሲወጣ አንድ ኦክታቭ፣ ማለትም ያው ኖታ ከፍ ብሎ የሚሰማበትን ርቀት፣ እንሰማለን፤ ቀጣዩን ኦክታቭ የምናገኘው ግን 660 ላይ ሳይሆን 880 ላይ ነው። ዛሬ ኪቦርዶች የሚሠሩበት አከፋፈል ኦክታቩን በ12 እኩል ግማሽ ድምፆች ስለሚመድበው፣ እያንዳንዱ ኖታ የሚገኘው ከበታቹ ያለውን በ1.0595 ገደማ በማባዛት ነው። ስለዚህ ከኤ ኖታ ወደ ቀጣዩ ቢ ፍላት ያለው እርምጃ ከ220 ሲነሳ 13 ሄርዝ፣ ከ440 ሲነሳ 26፣ ከ880 ሲነሳ ደግሞ 52 ሄርዝ ያህል ይሆናል፤ ለጆሮ ግን ሦስቱም አንድ ዓይነት እርምጃ ናቸው። የግማሽ ድምፅ መቶኛ የሆነው ሴንት የሚያገለግለውም ለዚሁ ነው፤ ከባሱ እስከ ቀጭኑ ድምፅ ድረስ ዋጋው አይለወጥም።

ከመጋላ የመጣ አንድ ወጣት ተጫዋች ሲንተሳይዘሩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ፣ በድሬ ልማድ «አንተ፣ የዚህ ዕቃ ባስ ሞቷል» አለኝ። ከፍቼ ሳየው አንድም የተበላሸ ነገር አልነበረውም። ድምፁን ለማወፈር ሁለተኛውን ኦሲሌተር (ድምፁን የሚያመነጨውን ክፍል) ከመጀመሪያው በ5 ሄርዝ ከፍ አድርጎታል፤ የሞከረው ደግሞ 880 ሄርዝ ላይ ብቻ ነው። እዚያ 5 ሄርዝ 10 ሴንት ያህል ስለሆነ ድምፁ ያምራል። 110 ሄርዝ ላይ ግን ያው 5 ሄርዝ 77 ሴንት፣ ማለትም የግማሽ ድምፅ ሦስት አራተኛ ያህል ስለሚሆን፣ ባሱ ሁለት የተጣሉ ሰዎች አብረው የሚዘፍኑ ይመስል ነበር። በሄርዝ የሰጠውን ልዩነት አጥፍቼ 8 ሴንት አደረግሁለት፤ የጥገና ዋጋ ግን አልተቀበልሁትም።

ለፍትሕ ያህል፣ ሄርዝ የሚሻልበት ቦታም አለ። ሁለት ተቀራራቢ ድምፆች አብረው ሲሰሙ የሚፈጠረው መርገብገብ በሰከንድ የሚቆጠረው በሄርዝ ልዩነታቸው ልክ ነው፤ 440 እና 442 አብረው ሲሰሙ ድምፁ በሰከንድ ሁለት ጊዜ ይርገበገባል። ልዩነቱ በሴንት ከተሰጠ መርገብገቡ ባሱ ላይ ይዘገያል፣ ወደ ላይ ሲወጣ ይፈጥናል። በሁሉም ቁልፍ ላይ እኩል እንዲርገበገብ የሚፈልግ ሰው እያወቀ ሄርዝን ቢመርጥ አልቃወመውም።

ስህተቱን የወለደው፣ እንደሚመስለኝ፣ ማስተር ቱን የሚባለው ማስተካከያ በብዙ ኪቦርዶች ላይ «440.0» እየተባለ በሄርዝ መታየቱ ነው። ያ ቁጥር የሚወስነው የመካከለኛውን ኤ ድምፅ ብቻ ነው፤ ሌሎቹን ኖታዎች መሣሪያው ራሱ እያባዛ ያወጣቸዋል።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ትዝታም ሆነ ባቲ የየራሱ ሄርዝ አለው።

እውነታው፦ ቅኝት የድምፆች ዝምድና እንጂ የቁጥር ዝርዝር አይደለም። ክራር ደርዳሪው አውታሩን የሚያጠብቀው ለዘፋኙ ጉሮሮ በሚመች ከፍታ ነው። ትዝታ ከሲ ቢነሳ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ይሆናል፤ ከኤፍ ቢነሳ ደግሞ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ፣ ሲ፣ ዲ ይሆናል፤ ሁለቱም ትዝታ ናቸው። የክራሩ ድምፅ ከኪቦርዱ እኩል ክፍፍል ትንሽ ቢለይ ክራሩን ተሳስቷል ማለት ድፍረት ነው፤ እያንዳንዱን ቁልፍ ለየብቻ በሴንት የሚያስተካክል ኪቦርድ ካለ እርሱ ወደ ክራሩ ይምጣ።

የተሳሳተ አመለካከት፦ 432 ሄርዝ የተፈጥሮ ድምፅ ነው።

እውነታው፦ ሄርዝ የሚቆጠርበት ሰከንድ ራሱ የሰው ስምምነት ነው። ፈረንሳይ በ1859 እ.ኤ.አ. ለመካከለኛው ኤ 435ን መርጣ ነበር፤ 440 ደግሞ በ1939 ለንደን ላይ በተደረገ ስብሰባ የጸደቀ ነው። 432 ከ440 በ32 ሴንት ያህል ዝቅ ይላል፤ ልዩነቱ ይኸው ነው።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ሁለት ኪቦርዶች በሚዲ (መሣሪያዎች ትእዛዝ በሚለዋወጡበት ግንኙነት) ከተገናኙ ድምፃቸው የግድ ይገጥማል።

እውነታው፦ ሚዲ የሚልከው ሄርዝ ሳይሆን የቁልፍ ቁጥር ነው፤ 69 ቁጥር መካከለኛው ኤ ነው። አንደኛው 440 ላይ፣ ሌላው 442 ላይ ከተቀመጠ 8 ሴንት ያህል ይለያያሉ።

የተሳሳተ አመለካከት፦ የድሬ ሙቀት የኪቦርዱን ድምፅ ያወርደዋል።

እውነታው፦ የድሮዎቹን አናሎግ ሲንተሳይዘሮች ሙቀት በእርግጥ ያንሸራትታቸዋል፤ ዲጂታሉ ግን ጊዜውን የሚቆጥረው በክሪስታል ስለሆነ ለጆሮ በሚሰማ መጠን አይንቀሳቀስም። በሙቀት የሚላላው የክራሩ አውታር ነው። ሳቢያን ውስጥ በሠርግ መሀል ሁለቱ ሲለያዩ ክራሩን እንደገና ማጥበቅ ይቀድማል፤ ጊዜ ከሌለ የኪቦርዱን ማስተር ቱን ትንሽ ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ዘፈኑ ሲያልቅ ግን ወደ ቦታው ይመለስ፤ «ተበላሸ» ተብለው ወደ እኔ ከሚመጡት ኪቦርዶች አንዳንዶቹ ከባለፈው ሠርግ ያልተመለሱ ናቸውና።