ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት

ይህ አባባል ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ሰው ነው። እናት ልጇን በንዴት «ይሄ ሰነፍ» እያለች ከጠራችው፣ ውሎ አድሮ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሰነፍ ይለዋል። ክፉም ሆነ ደግ፣ ስም መጀመሪያ የሚወጣው ከቤተሰብ አፍ ነው። ጎረቤት የሰማውን ይደግማል። አባባሉ መነሻው ይኸው ኑሮ ነው፤ አጥር ለአጥር ተጠጋግቶ በሚኖር ሰፈር ልጅ ሲጠራ ከማዶ ይሰማል። «ከቤት» እና «ጎረቤት» ቤት መምታታቸው ደግሞ ከአፍ እንዳይጠፋ ረድቶታል።

እኔ ግን አባባሉ ለቦታ ስምም ይሠራል ባይ ነኝ። ባለቤቱ ነዋሪው ነው፤ መሀል አዲስ አበባ ያለነው ጎረቤቶች ነን። ጣጣው የሚመጣው ጎረቤት በደንብ ሳይሰማ ሲጽፍ ነው። ወረዳ ሄዳችሁ ቅጽ ስትሞሉ «የትውልድ ቦታ» የሚል አለ። ባለጉዳዩ ይናገራል፣ ጸሐፊው ለጆሮው እንደመጣለት ይጽፋል። ስሙ እንደዚያው ሆኖ መታወቂያ ላይ ይሰፍራል።

«መልካ»ን እንውሰድ። አማርኛ ብቻ የለመደ ጆሮ «መልክ» ወይም «መልካም» ይመስለዋል። በኦሮምኛ ግን የወንዝ መሻገሪያ ነው። መልካ ቁንጡሬም መልካ ወረርም አዋሽ ዳር የሆኑት በአጋጣሚ አይደለም። የመጀመሪያውን አንዱ «ቁንጡሬ»፣ ሌላው «ቆንጡሬ» ብሎ ይጽፈዋል። «ቱሉ»ም ኮረብታ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው።

ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም፤ በአማርኛ የሌለ ድምፅ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። አርሲ ያለችውን ዴራን የአገሩ ሰው ሲጠራት የመጀመሪያዋ ድምፅ ከእኛ «ደ» ትለያለች። ቃሉ በኦሮምኛ «ረጅም» ማለት ነው። ለዚያች ድምፅ «ዸ» የምትባል ፊደል አለች፤ የሚጠቀምባት ግን ጥቂት ነው፣ ያሳዝናል።

ሞክሼ ፊደላትም አሉ። ደብረ ብርሃን በሃሌታው «ሀ»፣ ባሕር ዳር በሐመሩ «ሐ» ነው። ዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ያለችው ጎሐ ጽዮን በጸሎቱ «ጸ» ትጻፋለች። «ንባቡ ያው ነው፣ ምን ቸገረህ?» የሚል ብዙ ነው። እኔን ይቸግረኛል፤ ፊደሉ ሲለወጥ የቃሉ ዘር ይጠፋል።

እርግጥ ስም ከቤት ሳይሆን ከቤተ መንግሥት የወጣበት ጊዜም አለ። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን አዳማ «ናዝሬት»፣ ቢሾፍቱ «ደብረ ዘይት» ተባሉ። አዲስ አበቤ ተቀበለው፤ የቀድሞው ስም በይፋ ከተመለሰ በኋላም ዛሬ ድረስ «ናዝሬት ደርሼ ልምጣ» የሚል አይጠፋም። ወሊሶም በዚያው ዘመን «ጊዮን» ተብላ ነበር። የአገሬው ሰው ግን ወሊሶ ማለቱን አልተወም፣ እኛም እሱን ተከተልን። አሁን መናኸሪያ ገብታችሁ የጊዮን መኪና ብትጠይቁ የሚገባው ሰው የምታገኙ አይመስለኝም።