«ማንኪያ እያለኝ ሚዛን ምን ይሠራልኛል?»

ክብደት መቀነስ የሚፈልጉ ሰዎችን ማማከር ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። «የምግብ ሚዛን ግዙ» ባልኩ ቁጥር የሚመለስልኝን መልስ ገና ከአፋቸው ሳይወጣ አውቀዋለሁ። አንዳንዱ ያስቃል። ርዕስ ያደረግሁት ግን ሰውን ለወራት በከንቱ ስለሚያለፋ ያበግነኛል። እሱ ላይ እስክደርስ ቀላል ቀላሉን ላራግፍ።

«ጥሩ ሚዛን ውድ ነው።» በ1 ግራም ልዩነት የሚያነብና እስከ 5 ኪሎ የሚችል ተራ ዲጂታል ሚዛን ይበቃል። ከስልክ ጋር የሚገናኘው ጌጥ ነው። ብቻ ጠንካራና ደልዳላ ነገር ላይ አስቀምጡት፤ ጨርቅ ላይ ከተቀመጠ ይሳሳታል።

«የሰሃኑን ክብደት መቀነስ ሒሳቡ ያደክማል።» ዜሮ የምታደርገዋ ቁልፍ ለምን የተሠራች ይመስላችኋል? ሰሃኑን አስቀምጡ፣ ተጫኑ፣ ምግቡን ጨምሩ፤ አለቀ።

«ቅጠሉንም ሁሉ መመዘን አለብኝ።» 100 ግራም ኪያር 15 ካሎሪ ገደማ ነው። በኪያር የወፈረ ሰው አላየሁም። ላዩ ላይ የሚፈሰውን ዘይት መዝኑ።

«1 ሚሊ ሊትር 1 ግራም ነው።» ለውሃ፣ አዎ። 100 ሚሊ ሊትር ዘይት ግን 92 ግራም ገደማ ሲሆን፣ ያው መጠን ማር 140 ግራም ይጠጋል።

አሁን ወደ ማንኪያው። «ሚዛን የለኝም፤ ግን ሁሉን በማንኪያ ለክቼ ነው የምበላው» የሚለኝ ሰው በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ አያጣኝም። አንዲት እናት ሦስት ወር ሙሉ የበላችውን ሁሉ በደብተር ጽፋ መጣች። እንዲህ ያለ ንጹሕ ደብተር አይቼ አላውቅም። ክብደቷ ግን ንቅንቅ አላለም። «ሰውነቴ ነው እንጂ እኔ ምንም አልበላም» አለችኝ። በሚቀጥለው ቀጠሮ የምትለካበትን ማንኪያ፣ የኦቾሎኒ ቅቤውን ብልቃጥና የዘይት ጠርሙሷን ይዛ እንድትመጣ ነገርኳት። ደብተሩ ላይ ያለው በየጠዋቱ «1 የሾርባ ማንኪያ የኦቾሎኒ ቅቤ» ነው፤ ማለትም 16 ግራም፣ 95 ካሎሪ ገደማ።

ብልቃጡን ሚዛን ላይ አስቀምጬ ዜሮ አደረግሁትና «እንደ ቤትሽ ጭለፊ» አልኳት። ጨለፈች። ሚዛኑ የመቀነስ ምልክት አስቀድሞ 34 አለ። (ይህን ዘዴ ያዙት፦ ከብልቃጡ የወጣውን ሚዛኑ ራሱ ይነግራችኋል፤ ማንኪያ ላይ የቀረውን ለመፋቅ መታገል የለም።) «ሚዛኑ ተበላሽቷል» አለች። ደገምነው፤ 31። ቀጥሎ ዘይቱን እንደ ልማዷ መጥበሻ ላይ አንቆረቆረች። «አንድ ማንኪያ» ያለችው 27 ግራም ሆኖ ተገኘ። የሾርባ ማንኪያ ዘይት 14 ግራም ገደማ፣ 120 ካሎሪ ነው፤ የሷ 240 ሊሞላ ምንም አልቀረው። እንዲህ በቀን ሁለት ጊዜ ታፈሳለች። ስንደምረው በየቀኑ ከ330 በላይ ካሎሪ ከደብተሩ ውጪ ነበር። እንድትቀንስ የተስማማነው 400 ነው። እንግዲህ ሦስት ወር የለፋችው በቀን ለ70 ካሎሪ ነበር ማለት ነው።

ማንኪያ የሚለካው ይዘትን እንጂ ክብደትን አይደለም። ያው ማንኪያ ለጥ ብሎም ክምር ብሎም «አንድ» ይባላል። ዱቄት ሲነፋና ሲጠቀጠቅ በአንድ ኩባያ ውስጥ ያለው ልዩነት ብቻ ብዙ ግራም ነው። ስሕተቱ ደግሞ የሚብሰው ቅባት ላይ ነው፤ 1 ግራም ቅባት 9 ካሎሪ ሲይዝ፣ ፕሮቲንና ካርቦሃይድሬት 4፣ 4 ናቸው። ከሩዝ በማንኪያ ብትስቱ ብዙ አትጎዱም፤ ከዘይት ከሳታችሁ ግን የቀኑ ልፋት እዚያው መጥበሻ ላይ ቀረ።

ያቺን እናት ዋሽታለች ብዬ አልጠረጠርኳትም። እ.ኤ.አ. በ1992 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ «በቀን ከ1,200 ካሎሪ በታች እየበላን አልቀነስንም» ያሉ ሰዎችን ለክቶ ነበር። ሰውነታቸው የሚያቃጥለው ጤናማ ሆኖ ተገኘ። የበሉት ግን ከጻፉት እጅግ ይበልጣል፤ በአማካይ 47 በመቶው ሳይጻፍ ቀርቷል። ዓይን እንዲህ ነው የሚያታልለው።

ሌላው አድካሚ ጉዳይ ጥሬና የበሰለ ነው። 100 ግራም ደረቅ ሩዝ 360 ካሎሪ ገደማ ይይዛል። ውሃ ጠጥቶ ከበሰለ በኋላ ያው 100 ግራም 130 ገደማ ነው። ሥጋ በተቃራኒው ውሃውን ስለሚያጣ ሲበስል ክብደቱ ሩብ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ የበሰለውን መዝኖ የጥሬውን ቁጥር የሚጽፍ ሰው፣ ሩዝ ላይ ራሱን ያስርባል፣ ሥጋ ላይ ደግሞ ራሱን ይሸውዳል። ማሸጊያው ላይ ሌላ ካልተባለ ቁጥሩ የጥሬው ነው።

ለቤተሰብ ስታበስሉ ወደ ድስቱ የገባውን ሁሉ በጥሬው መዝኑ። ሲበስል ድስቱን ከነምግቡ መዝናችሁ የባዶውን ድስት ክብደት ቀንሱ። ከዚያ የራሳችሁን ድርሻ ስትመዝኑ ከጠቅላላው ስንት በመቶ እንደሆነ ይታወቃል። እኔ የድስቶቼን ባዶ ክብደት ፍሪጁ በር ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ትልቁ 1,240 ግራም ነው። ቤቴ የመጣ እንግዳ የሎተሪ ቁጥር ይመስለዋል።

«ታዲያ ዕድሜ ልኬን ስመዝን ልኖር ነው?» ኧረ አይደለም። ሦስት አራት ሳምንት በትጋት መዝኑ፤ ዓይናችሁ ይማራል። ከዚያ በኋላ ዘይት፣ ለውዝ፣ አይብና ደረቅ እህል ብቻ መመዘን ይበቃችኋል። ክብደታችሁ ለሳምንታት ቆሞ ከቀረ ደግሞ አንድ ሳምንት ሁሉንም መዝኑና ዓይናችሁ የት እንደሰነፈ እዩ። በአንድ ቀን ውስጥ ግን አትፍረዱ፤ የሰውነት ክብደት በውሃ ብቻ ከአንድ እስከ ሁለት ኪሎ ይወጣል፣ ይወርዳል።

«ሚዛን ለሁሉም ሰው ጥሩ ነው» የሚሉ የሙያ ባልደረቦቼም አሉ፤ ከነሱ ጋር አልስማማም። ራሱን አስርቦ የሚያውቅ ወይም በልቶ የሚያስመልስ ሰው ጋር ሚዛን መግባት የለበትም፤ እሱ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ሐኪም ነው። ጤነኛውም ቢሆን በ3 ግራም መጨነቁ ትርጉም የለውም፤ በአሜሪካ ሕግ እንኳ እውነተኛው ካሎሪ ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው እስከ 20 በመቶ ቢበልጥ ይታለፋል። አንዲት ወጣት የሎሚ ቁራጭ ስትመዝን ያነሣችውን ፎቶ አሳየችኝ፤ 11 ግራም። ሻይዋ ላይ ልትጨምቀው ነበር። ከሚዛኑ ሁለት ባትሪዎች አንዱን አውጥታ ለእህቷ እንድትሰጥ ነገርኳትና ስለ ምግብ ማውራታችንን ለዚያ ቀን አቆምን።